የመንገድ ልጅ ጾም፦ በካይሮ የመጀመሪያው ቀናችን

 

በረመዳን ወር ከቤቱ ርቆ የሚጓዘው ወገናችን ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ነው። አንዱ ለዑምራ ይሄዳል፣ ሌላው ለሕክምና፣ ሌላው ለንግድ፣ ሌላው ደግሞ ልጁን ለትምህርት ለማድረስ። በመስጂዳችን ከሶላት በኋላ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች ብዙዎቹም ከዚሁ የሚነሱ ናቸው። «አውሮፕላን ውስጥ መቼ ነው የምናፈጥረው?»፣ «እንግዳ አገር ስንደርስ ጾሙ ይቀጥላል ወይስ ይቆያል?»፣ «አባታችን የስኳር ሕመም አለበት፤ መንገድ ላይ ምን እናድርግ?» ይሉናል። ባለፈው ዓመት ረመዳን ወደ ግብፅ ዋና ከተማ ካይሮ በሄድንበት ጊዜ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በአንዲት ቀን ውስጥ ተሰብስበው መጡ። ስለዚህ ያቺን ቀን እንዳለፈች ልንተርክላችሁ ወደድን።

የተጓዝነው ሦስት ነበርን። ከእኛ ጋር አንድ የመስጂዳችን ጀመዓ የሆኑ ነጋዴ ሃጂና የ19 ዓመት ልጃቸው ነበሩ። ልጁ በአዝሃር የዐረብኛ መሰናዶ ትምህርት ሊጀምር ነው። አባት ዐረብኛ ስለማያውቁ አብረናቸው እንድንሄድ ጠየቁን፤ እኛም እሺ አልን። ለእኛና ለሃጂ ጉዞው የሦስት ቀን ነው። ለልጁ ግን የዓመታት ነው።

አንድ የሱሁር ማዕድ፣ ሁለት ፍርድ

ከአዲስ አበባ ካይሮ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያውን የውጭ በረራ ያደረገው በአስመራ በኩል ወደዚችው ካይሮ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ደረሶች ግን ከወሎ፣ ከይፋት፣ ከሐረር ተነስተው በእግርና በግመል ወደ ባሕር ይወርዱ፣ በጀልባ ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር። መንገዱ ወራት ይፈጃል። እኛ ማታ ተራዊህ ሰግደን ተነሳን፤ ሱሁር ሳያልፈን ካይሮ ደረስን።

ያረፍነው ሑሴን በሚባለው ሰፈር፣ ከአዝሃር መስጂድ ፊት ለፊት ባለች አነስተኛ ሆቴል ነው። መንገዱ ላይ በዚያ ሌሊት ሕዝቡ እንደ ቀን ይርመሰመሳል። ፉል የሚሸጠው ሰው ትልቁን የናስ ጋን አዘንብሎ በጭልፋ ያወጣል፤ ሎሚ፣ ከሙንና ዘይት ጨምሮ በትኩስ ዳቦ ይሰጣል። ፉልን እኛም አገር እናውቀዋለን፤ ስለዚህ በባዕድ አገር የመጀመሪያው ጉርሻችን ባዕድ አልሆነብንም።

ጭቅጭቁ የተነሳው እዚያው ማዕድ ላይ ነው። ሃጂ ስኳር ሕመም ካገኛቸው ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ኪኒን ይወስዳሉ። እኛም «ሃጂ፣ ዛሬ ብዙ የምንሄድበት ቀን ነው። እርስዎ ሁለት ፈቃድ አለዎት፤ አንዱ የመንገደኛ፣ ሁለተኛው የሕመምተኛ። ያቆዩትና በኋላ ይክፈሉት» አልናቸው። ሃጂ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሼህ፣ ከ12 ዓመቴ ጀምሮ አንድ ቀን ረመዳንን በልቼ አላውቅም። ዛሬ አዝሃር ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ልብላ?»

«ሃጂ፣ ፈቃዱን የሰጠነው እኛ አይደለንም። ጾሙን ያዘዘው ጌታ ራሱ ነው የሰጠው» አልናቸው።

ይህ ነገር በቁርአን ግልጽ ነው። በሱረቱል በቀራ፣ ጾም በታዘዘበት በዚያው ቦታ፣ የታመመና መንገድ ላይ የሆነ ሰው ያጎደላቸውን ቀናት በሌላ ጊዜ እንዲጾም ተፈቅዶለታል፤ አላህም ለባሮቹ ቀላሉን እንጂ ከባዱን እንደማይሻ ተነግሯል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ሰሐቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በረመዳን ሲጓዙ የጾመው ያልጾመውን አይነቅፍም፣ ያልጾመውም የጾመውን አይነቅፍም ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሰዎች አንዱን ሰው ከብበው ጥላ ሲያደርጉለት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጾመኛ ነው፣ ጾሙ ጎድቶት ነው አሏቸው። በጉዞ ላይ እንዲህ እየተጎዱ መጾም ከበጎ ሥራ እንደማይቆጠር ነገሯቸው። የሻፊዒይና የሐነፊይ ዑለሞችም ነገሩን በዚሁ ሚዛን አስቀምጠውታል። የማይጎዳው መንገደኛ ቢጾም ይመረጣል፤ የሚጎዳው ቢያፈጥር ይመረጣል።

ሃጂ ግን ልባቸው አልተቆረጠም። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። በጾም ይጀምራሉ፤ ነገር ግን የስኳር መለኪያው በልጁ ኪስ ውስጥ ይሆናል፤ በየሁለት ሰዓቱ ይለካሉ፤ ከ70 በታች ከወረደ ያለ ክርክር ያፈጥራሉ። ሐኪሞች ለጾመኛ የስኳር ሕመምተኛ የሚሰጡት ልክ ይኸው ነው፤ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙ ይቋረጣል። ጣትን ወግቶ ደም መለካት ጾምን እንደማያበላሽም አስረዳናቸው። ብዙ ሰው በዚህ ፍራቻ ሳይለካ ስለሚውል ነገሩን አንባቢም ይያዝልን።

ልጁ በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «እኔስ?» አለ። የእርሱ ጉዳይ ከአባቱ ይለያል። እኛና አባቱ ሦስት ቀን ቆይተን የምንመለስ መንገደኞች ነን። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት ያሰበ፣ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ 15 ቀን ለመቆየት ያሰበ ሰው መንገደኛነቱ ያበቃል። ልጁ ዓመታት ሊቆይ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ካይሮን ሲረግጥ ነዋሪ ሆኗል። ጾሙን ሊያቆይ አይችልም፤ ሶላቱንም አያሳጥርም። አባትና ልጅ ከአንድ ሳህን ሱሁር በሉ፤ አንዱ ሙሳፊር፣ አንዱ ነዋሪ ሆነው ተነሱ። ሃጂ ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። እዚያ ድረስ ልጁ ከእርሳቸው ጋር የሚመለስ ይመስላቸው ነበር መሰለን።

ከፉስጧጥ እስከ ኢብኑ ጡሉን

ሱብሒን በአዝሃር ሰግደን ትንሽ ካረፍን በኋላ ማለዳውን ወደ ደቡብ፣ የከተማይቱ መነሻ ወደ ሆነችው ፉስጧጥ ሄድን። የሄድነው በምድር ውስጥ ባቡር ነው። የካይሮ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲከፈት በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች አሉት፤ ከቤተሰብ ጋር ለሚሄድ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። በረመዳን ጠዋት ፉርጎው ጸጥ ያለ ነው። ግማሹ ሰው ቁርአን ይዞ ይቀራል፣ ግማሹ እንቅልፉን ይጨርሳል።

የዐምር ኢብኑል ዓስ መስጂድ የተሠራው በ21ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ641 እስከ 642 ባለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቤት በተምር ግንድና በጭቃ ጡብ የቆመ ትንሽ መስጂድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰፍቷል፣ ፈርሶም ታድሷል፤ ዛሬ የሚታየው ህንጻ ያ አይደለም። ቦታው ግን ያው ቦታ ነው። ከመስጂዱ ጥቂት እልፍ ሲሉ ጥንታውያኑ የቅብጥ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ፤ የባቡር ጣቢያውም ስሙን ያገኘው ከማር ጊርጊስ ማለትም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የአዛን ድምፅና የቤተ ክርስቲያን ደወል በአንድ ሰፈር መስማት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚያው አቅራቢያ፣ በረውዳ ደሴት ላይ፣ የዓባይ መለኪያው አለ። በዐባሲያው ኸሊፋ በአል-ሙተወኪል ዘመን እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ ጥልቅ ጉድጓድ ሲሆን መካከሉ ላይ ክንድ በክንድ የተለካ ምሰሶ ቆሟል። ውኃው ስንት ክንድ እንደወጣ ታይቶ የዓመቱ እህልና ግብር ይገመት ነበር። ውኃው ካነሰ ረሃብ፣ ካለፈ ጥፋት ነው። በዚያ ምሰሶ ላይ ውኃውን በበጋ ያሳድገው የነበረው የእኛ አገር ክረምት ነው፤ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ አብዛኛው የሚነሳው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ሃጂ ወንዙን ከድልድዩ ላይ ቆመው እያዩ «ይህ ከእኛ ቀድሞ ነው የመጣው» አሉ። መለኪያቸውን አየነው፤ 98 ይላል። ደስ አላቸው።

ከዚያ ወደ ኢብኑ ጡሉን መስጂድ ሄድን። ይህ እ.ኤ.አ. ከ876 እስከ 879 የተሠራ ሲሆን፣ በካይሮ በመጀመሪያው መልኩ ጸንተው ከቆዩት መስጂዶች ሁሉ የሚበልጠው በዕድሜው ነው። ሚናራው እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ከውጭ እየዞረ ይወጣል፤ በኢራቅ ሳመራ ያለውን ታላቅ ሚናራ ያስታውሳል። ግቢው እጅግ ሰፊ ነው። ቱሪስትም ጥቂት ስለነበር የእግራችን ኮቴ ይሰማ ነበር።

ግቢውን እኩሌታ እንዳቋረጥን ሃጂ ቆሙ። ግንባራቸው ላበው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ልጁ «አባ፣ ምን ሆንክ?» ቢላቸው የመለሱት ቃል እርስ በርሱ አልገጠመም። ልጁ ጣታቸውን ወጋ፤ መለኪያው 61 አሳየ።

«አባ፣ አፍጥር» አለ ልጁ። ሃጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች ሰዓት ያየነው ነገር ልባችንን ነክቶታል። ያ እስከዚያች ቀን ለአባቱ ቀና ብሎ መልስ ሰጥቶ የማያውቅ ልጅ ተንበርክኮ የአባቱን ሁለት እጅ ያዘና «አባ፣ እኔን እዚህ ትተኸኝ ልትሄድ ነው። እሺ። ግን በእግርህ ነው የምትሄደው፤ በሬሳ ሣጥን አይደለም» አላቸው።

የመስጂዱ ጠባቂ ሽማግሌ ከሩቅ አይተውን ኖሮ ወንበር ይዘው መጡ። የቀን ብርሃን ነው፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ ሽማግሌውም ጾመኛ ናቸው። ወደ ክፍላቸው ገቡና ለራሳቸው ኢፍጣር በወረቀት ቋጥረው ያስቀመጧትን ተምርና አንድ ጠርሙስ የማንጎ ጭማቂ አመጡ። ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን፣ ሙስሊም እንሁን አንሁን አልጠየቁም። ተምሩን ፈልቅቀው ፍሬውን ጥለው በሃጂ እጅ ላይ አኖሩት። ሃጂ «ቢስሚላህ» ብለው በሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ 88፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 112 ሆነ።

ለሽማግሌው ገንዘብ ብናቀርብላቸው አልተቀበሉም። «ይህ የኢብኑ ሰቢል ሐቅ ነው» አሉን።

ኢብኑ ሰቢል፦ የመንገድ ልጅ

ይህን ቃል ቁርአን ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ሰቢል ማለት መንገድ ነው፤ ኢብኑ ሰቢል የመንገድ ልጅ ማለት ነው። መንገደኛ ከአገሩ ሲወጣ እናት አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ይቀሩበታል፤ ዘመድ ሆኖ የሚቀረው መንገዱ ብቻ ነው። በሱረቱ ተውባ ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች ሲዘረዘሩ የመንገድ ልጅ አንዱ ነው። ዑለሞች እንዳብራሩት፣ መንገደኛው በአገሩ ሀብታም ቢሆን እንኳ ስንቁ መንገድ ላይ ካለቀበት ወደ አገሩ የሚያደርሰውን ያህል ከዘካ ሊሰጠው ይችላል። ከዚህ በላይ ጾሙ ይቆይለታል፣ ባለ አራት ረከዓ ሶላቱ ወደ ሁለት ያጥርለታል፣ ዱዓውም ተሰሚ እንደሆነ በሐዲስ ተነግሯል።

ሃጂ ሆቴል ገብተው ተኝተው ከተነሱ በኋላ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ በሙዒዝ ጎዳና ስንሄድ ይህ ቃል በድንጋይ ተሠርቶ አገኘነው። ጎዳናው ፋጢሚዮች እ.ኤ.አ. በ969 ካይሮን ሲቆረቁሩ የዘረጉት ዋና መንገድ ነው። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 እና 1285 ያሠሩት ግቢ እዚያ አለ፤ ውስጡ መስጂድና መድረሳ ብቻ ሳይሆን ድሃ ያለ ክፍያ የሚታከምበት ሆስፒታልም ነበረው። ጎዳናው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ያነሰ ግን ውብ ቤት ቆሟል። ዐብዱረሕማን ከትኹዳ የተባሉ ሹም እ.ኤ.አ. በ1744 ያሠሩት ሰቢልና ኩታብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምድር በታች የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ምድር ቤቱ ሰቢል ይባላል፤ በነሐስ ፍርግርግ በተሠሩት መስኮቶች በኩል ለአላፊ አግዳሚው ውኃ በነጻ ይቀዳለታል። ከላይ ያለው ፎቅ ኩታብ ነው፤ ወላጅ አልባ ሕጻናት ቁርአን ይቀሩበት ነበር። ወጪው ሁሉ በወቅፍ ነው የሚሸፈነው። የመንገድ ልጅ ከታች ይጠጣል፣ የቲም ከላይ ይቀራል። በካይሮ እንዲህ ያሉ ሰቢሎች በየሰፈሩ ነበሩ፤ ዛሬም ብዙዎቹ ቆመው ይታያሉ።

እኛም ያደግነው ቁርአን ቤት ነው። የእኛ ቁርአን ቤት የነሐስ መስኮትና የእብነ በረድ ወለል አልነበረውም። የሣር ክዳን፣ የሸክላ ጀበና ውኃ፣ ከጥላሸት የተበጠበጠ ቀለም፣ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ሉህ ነበረው። ነገር ግን ሥራቱ አንድ ነው። ደረሳ ከሩቅ አገር ሲመጣ የመንደሩ ሰው ተካፍሎ ያበላው ነበር። ዛሬ በዚህ ቤት፣ ማታ በዚያ ቤት ይባል ነበር። ዳና፣ ጌታ፣ ሾንኬ ያሉት የወሎ የዕውቀት ቦታዎች የቆሙት በዚህ ነው። ወቅፍ የሚለውን ቃል የማያውቁ እናቶች ወቅፍን በእንጀራቸው ይሠሩት ነበር።

የጀበርት ሪዋቅ

አዝሃር መስጂድ ከዚያ ጎዳና ብዙም አይርቅም። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ970 ሲሆን በ972፣ በ361 ዓመተ ሂጅራ፣ በዚሁ በረመዳን ወር ለሶላት ተከፈተ። ሰላሁዲን አል-አዩቢ የፋጢሚዮችን መንግሥት ካበቁ በኋላ የጁሙዓ ሶላት ተቋርጦበት ነበር፤ በሱልጣን በይበርስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1266 ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ የሱኒው ዓለም ታላቅ የትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል።

ድሮ በአዝሃር ተማሪዎች በአገር በአገራቸው ተከፍለው ይኖሩ ነበር። የእያንዳንዱ አገር ማደሪያ ሪዋቅ ይባላል። የሶሪያ፣ የመግሪብ፣ የቱርክ ሪዋቅ እንደነበረ ሁሉ የጀበርትም ሪዋቅ ነበረ። ጀበርት ከዘይላና ከይፋት ምድር የተነሳ ስም ሲሆን ኋላ የሐበሻ ሙስሊሞች ሁሉ ተጠሩበት። የእኛ አገር ደረሳ ወራት ተጉዞ ሲደርስ የራሱ አገር ስም የተጻፈበት ማደሪያና በየቀኑ የሚቆረጥለት ዳቦ ይጠብቀው ነበር።

የዚህ ሪዋቅ ሸኾች ከነበሩት ቤተሰቦች አንዱ ታላቅ ሰው አፍርቷል። ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) የግብፅ ዋና የታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ካይሮን ሲይዝ በዐይናቸው አይተው ጻፉ፤ የፈረንሳይ ወታደሮች በፈረስ አዝሃር ውስጥ የገቡበትን ቀን መዝግበዋል። አባታቸው ሐሰን አል-ጀበርቲ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ዓሊም ነበሩ። ከእነርሱ አስቀድሞም የሐነፊይ ፊቅህ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ፈኽሩዲን አዝ-ዘይለዒ ካይሮ መጥተው አስተምረው እ.ኤ.አ. በ1340ዎቹ እዚያው አርፈዋል። ሐዲሶችን በመመርመር የታወቁት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒም እንዲሁ በካይሮ ነው ያረፉት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ወቅት ራሳቸው ወይም አያቶቻቸው የመንገድ ልጆች ነበሩ። አንድ ሰው ተምር ሰጥቷቸዋል፤ አንድ ሰው ማደሪያ አሳይቷቸዋል።

ይህን ለልጁ ነገርነው። ልጁ ብዙ አልተናገረም። «የሚቆረጠው ዳቦ ዛሬም አለ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ረሃብ የያዘው ጾመኛ ነበርና ሳቅን። ዛሬ የውጭ አገር ተማሪዎች በዐባሲያ አካባቢ መዲነቱል ቡዑስ በሚባለው ሰፊ ግቢ ይኖራሉ፤ ከመቶ ከሚበልጡ አገሮች የመጡ ናቸው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በረመዳን በየምሽቱ በአዝሃር መስጂድ ግቢ ለውጭ ተማሪዎች የኢፍጣር ማዕድ ይዘረጋል። ዳቦው አለ ማለት ነው።

የመግሪብ ሰዓት

ፀሐይ ልትጠልቅ ሲቃረብ ካይሮ ልዩ ትሆናለች። መኪናው ይሯሯጣል፤ ከዚያ ድንገት ጎዳናው ባዶ ይሆናል። ከየሱቁ ራዲዮ የሸኽ ሙሐመድ ሪፍዐት ድምፅ ይሰማል። እኒህ ዐይነ ስውር ቃሪእ የግብፅ ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲከፈት በድምፃቸው የከፈቱ ናቸው፤ በ1950 ካረፉም በኋላ የካይሮ ሰው ከመግሪብ በፊት እርሳቸውን ሳይሰማ አያፈጥርም። ከዚያ የመድፍ ድምፅ ይከተላል። በቀልዓው ግንብ ላይ ለኢፍጣር መድፍ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመልሷል። ፋኑስ የሚሉት ባለ ቀለም ፋኖስ በየበሩ ይበራል። ፋጢሚያው አል-ሙዒዝ በ362 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወደ ከተማይቱ ሲገቡ ሕዝቡ መብራት ይዞ ተቀበላቸው፤ ልማዱ ከዚያ ቀረ ይባላል።

በየጎዳናው ላይ «ማኢደቱ ረሕማን»፣ የአዛኙ ጌታ ማዕድ፣ የሚሉት ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል። አላፊ መንገደኛ ሁሉ ይቀመጣል፤ የጽዳት ሠራተኛውም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ተማሪውም። ማን አዘጋጀው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰጪው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ወጣቶች መንገድ መብራት ላይ ቆመው በመስኮት በኩል ለሹፌሮች ተምርና ጭማቂ ያቀብላሉ።

ሁለት የወሎ ደረሶች መጥተው ልጁን ወደ አዝሃር ግቢ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ወሰዱት። እኛና ሃጂ ከውጭ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ሃጂ በዚያች ቀን አልጾሙም፤ ቢሆንም አዛን እስኪባል እጃቸውን አልዘረጉም። ሩዝ፣ ሥጋ፣ የተምር ሂንዲ መጠጥ፣ በኋላም ቀጣኢፍ መጣ። ሃጂ ምግቡን እያዩ «ዛሬ በቤቴ ብሆን ሳምቡሳውን ለእርሱ ነበር መጀመሪያ የማነሳለት» አሉ። እኛም ዝም አልን። አባት ልጁን እንግዳ ሰው እንዲያበላለት አምኖ ሲሰጥ የሚሰማውን ነገር በፊቅህ ኪታብ አናገኘውም።

ተራዊህን 20 ረከዓ በአዝሃር ሰገድን። ልጁ ከአዳዲስ ጓደኞቹ ጋር ሁለት ሶፍ ወደፊት ቆሞ ነበር። ሃጂ ከአሥረኛው ረከዓ በኋላ በወንበር ሰገዱ፤ ይህንንም ያለ ክርክር ተቀበሉ።

ለቤተሰቦች

ከዚያች ቀን የምናካፍላችሁ ጥቂት ነገር አለ።

መጀመሪያ፣ በረመዳን የምትጓዙ ሁሉ ኒያችሁንና መዝሀባችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ጉዞው ሶላት የሚያሳጥር ርቀት፣ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ጎህ ሳይቀድ ከከተማ የወጣና ጎህ ከቀደደ በኋላ የወጣ ሰው በሻፊዒይም በሐነፊይም ዘንድ ፍርዳቸው ይለያል፤ ቀን የወጣው የዚያን ቀን ጾም ይጨርሳል፤ መታመም ካልገጠመው በስተቀር። ማፍጠሪያው ደግሞ ባላችሁበት ቦታ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ አየር ላይ ከሆናችሁ ከመስኮቱ ፀሐይ እስካልጠለቀች ድረስ የአዲስ አበባ ሰዓት አያገለግልም።

ሁለተኛ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ኪኒኑ የሚወሰድበት ሰዓትና መጠን ሊቀየር ይችላል። መዳኑ ተስፋ ያለው በሽተኛ ቀዷ ያወጣል። መጾም ፈጽሞ የማይችል፣ ሐኪምም ተስፋ የለውም ያለው፣ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል። ሃጂ ከተመለሱ በኋላ ሐኪማቸው መድኃኒታቸውን አስተካክሎላቸው ያቺን አንድ ቀን በሸዋል ወር ቀዷ አወጡ። ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁ ከማክበር ብዛት ዝም እንድትሏቸው አይፈልጉም። የካይሮው ልጅ አባቱን ያከበረው በዚያች ሰዓት ዝም ባለማለቱ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው። የእኛ አገር በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው የመንገድ ልጆች መጠጊያ ናት። ሰሐቦች ከመካ ተሰድደው ሲመጡ ነጃሺ አስጠግቷቸዋል። ዛሬም በአዲስ አበባ ሰፈሮች የሱዳን፣ የየመን፣ የሶሪያ፣ የኤርትራ ስደተኞች አሉ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በቀን ሥራ የሚያድር፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ብቻውን በደረቅ ዳቦ የሚያፈጥር፣ ለሕክምና መጥቶ ሆስፒታል በረንዳ ላይ የሚያድር ወገን አለ። ሁሉም ኢብኑ ሰቢል ናቸው። ዘካችሁን ስታሰሉ ስምንተኛውን ወገን አትዝለሉት። ሾርባ ስትሠሩ ውኃ ጨምሩና አንድ ሳህን ወደ መስጂዱ ላኩ። ልጃችሁ ዛሬ ማታ በየትኛው አገር፣ በማን ማዕድ ላይ እንደሚያፈጥር አታውቁምና።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስ፤ የታመሙትን ያሽር፤ ደረሶቻችንን ያበርታ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።